እጄን አውጥቻለሁ፦ «አጃቢ ባንድ ቅጥር ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። እኔ ጋ ሦስት ሰው ላከልኝ። አንደኛው «ይኼን አይተህ ዝም ትላለህ?» የሚል አክሎበታል። ሰውዬው ያውቀኛል። ዝም አልልም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጽሑፉ የድሮዎቹ የአሜሪካ የሶልና የፈንክ ድምፃውያን ይዘዋቸው ስለሚዞሩት አጃቢ ባንዶች ነው። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንድ፣ አጃቢ ባንድ ቅጥር ነው፤ ሕዝቡ ትኬት የሚቆርጠው ለድምፃዊው ነው። ሁለት፣ ባንድ እንደ መኪና ጎማ ይቀየራል፤ ምስክሩ ጄምስ ብራውን ነው፤ በ1970 ባንዱን በአንድ ሌሊት ቀይሮ ምንም አልሆነም። ሦስት፣ ሙዚቀኞቹ ደመወዛቸውን በልተዋል፤ ዛሬ «ተረሳን» ቢሉ አያምርባቸውም። አራት፣ ካረጁ በኋላ እየዞሩ መጫወታቸው ትዝታ መቸርቸር ነው። አምስት፣ ዛሬ ቀድሞ የተቀረጸ የሙዚቃ ትራክ እያለ አሥር ሰው ጭኖ መዞር ምን ይባላል? መዝጊያቸው ደግሞ «የጄምስ ብራውንን ድራመር ስም የሚያውቅ እጁን ያውጣ» የሚል ነው።

እጄን አውጥቻለሁ። የቱን ድራመር ነው ግን የሚጠይቁኝ? ክላይድ ስተብልፊልድን ነው ጃቦ ስታርክስን? ወይስ ከእነሱ በፊት የነበረውን ሜልቪን ፓርከርን?

ወደ ነጥቦቹ ልግባ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

መጀመሪያ «ቅጥር» የሚለውን። ልክ ነው፤ ቅጥር ናቸው። እንዲያውም ጸሐፊው ከሚያስቡት በላይ ቅጥር ነበሩ። ጄምስ ብራውን ባንዱን የሚይዘው እንደ ጦር ሰፈር ነው። ጫማውን ያልወለወለ ይቀጣል። ያረፈደ ይቀጣል። ኖታ የሳተ እዚያው መድረኩ ላይ ይቀጣል። እንዴት መሰላችሁ? ሰውዬው እየጨፈረ ድንገት ወደ ባንዱ ይዞርና ጣቶቹን ዘርግቶ ብልጭ ያደርጋቸዋል። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ሕዝቡ የጭፈራው አካል መስሎት ያጨበጭባል። ጥፋተኛው ግን ከኋላ ቆሞ ስንት ዶላር እንደተቆረጠበት እየደመረ ነው።

እስቲ አስቡት። የሚዘፍን፣ የሚጨፍር፣ ላብ በላብ የሆነ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ግን ከአሥር ሰው የአንዱን ስህተት ሰምቷል። ባንዱ ጌጥ ቢሆን እንዲህ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጠው ነበር? ቅጣቱ ጭካኔ ነው፤ አላደንቀውም። ግን ማንም ሰው ለማይጠቅመው ነገር እንደዚህ አይጨነቅም። እሱ ራሱ ምን ላይ እንደቆመ ያውቅ ነበር።

ጸሐፊውን ያሳታቸው «አጃቢ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። አጃቢ ሲባል የባለሥልጣን መኪና ተከትሎ የሚበር ሞተር ሳይክል ነው የሚታየን። አለቃው ከፊት፣ አጃቢው ከኋላ። በእኛው ዘፈን ግን የተሻለ ቃል አለ። ተቀባይ። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል። ገጠር ሠርግ ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቃል። አውጪው የፈለገ ድምፀ መረዋ ይሁን፣ ተቀባዩ ከቀዘቀዘበት አለቀለት። ሁለት ስንኝ ብሎ ጉሮሮውን እየጠራረገ ይቀመጣል።

የጄምስ ብራውን ተቀባይ ቦቢ በርድ ይባላል። ብራውን በወጣትነቱ ታስሮ ነበር። እንዲለቀቅ ያገዘውና ያስጠጋው የበርድ ቤተሰብ ነው፤ ጆርጂያ ውስጥ፣ ቶኮዋ በምትባል ትንሽ ከተማ። ከእስር ወጥቶ የገባውም በርድ ይዞት ወደነበረው የዘፋኞች ቡድን ነው። ከዚያ ስሙ ከፍ አለና በርድ ተቀባይ ሆነ። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ አጃቢው ማን እንደሆነ ጸሐፊው ይንገሩኝ።

«ስማቸውን ማን ያውቃል» ለተባለው ደግሞ ማሲዮ ፓርከር አለ። በ1964 ብራውን የፈለገው ወንድምየውን፣ ድራመሩን ሜልቪንን ነበር። ማሲዮ ሳክስፎኑን ይዞ አብሮ ሄደ። «ባሪቶን ሳክስፎን ትጫወታለህ?» ሲባል «አዎ» አለ። ባሪቶን የእሱ መሣሪያ አልነበረም። እንጀራ ፈላጊ ሌላ ምን ይላል? ብዙም ሳይቆይ ብራውን በዘፈን መሃል ስሙን እየጠራ ሶሎ ያስነፋው ጀመር። በሸክላ ላይ፣ በመድረክ ላይ፣ በየአገሩ። እንግሊዝኛ የማይሰማ ሰው እንኳ ከዚያ ሁሉ ጩኸት «ማሲዮ» የምትለዋን ለይቶ ይይዛል። ስሙን ለዓለም ያስተዋወቀው ራሱ አለቃው ነው።

አሁን ወደ 1970 እንሂድ። ጸሐፊው የሚተማመኑት በዚህ ታሪክ ነው። እኔም ታሪኩን እወደዋለሁ። ችግሩ ግማሹን ብቻ መንገራቸው ነው።

ወሩ ማርች ነው። ቦታው ኮሎምበስ፣ ጆርጂያ። ኮንሰርቱ ሊጀመር ሲል ባንዱ «አንጫወትም» አለ። ጥያቄው የክፍያና የአያያዝ ነው። ማሲዮም ካመፁት አንዱ ነው። ብራውን የሚለመን ሰው አይደለም። ጄቱን ወደ ሲንሲናቲ ላከና የጎረምሶች ባንድ አስጭኖ አስመጣ። ቤዝ የያዘው ቡትሲ ኮሊንስ ይባላል፤ ዕድሜው 18። ታላቅ ወንድሙ ካትፊሽ ጊታር ይዟል። ልጆቹ ከአውሮፕላን ወርደው ወደ መድረክ ወጡ። አሮጌው ባንድ እያየ።

እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ከዚያ «አያችሁ? ይቀየራል!» ብለው ይሄዳሉ።

ቆይ እንጂ። መጀመሪያ ነገር፣ የመጡት ከመንገድ የተለቀሙ ልጆች አይደሉም። የብራውን ዘፈኖች የሚቀረጹበት የኪንግ ኩባንያ ስቱዲዮ ያለው ሲንሲናቲ ነው። ልጆቹ እዚያ እየገቡ ይጫወቱ ነበር። ዘፈኖቹን በቃላቸው ያውቃሉ። ብራውን በአንድ ሌሊት ባንድ አላገኘም። በጓሮው ሲያድግ የነበረውን አመጣ እንጂ።

ሁለተኛ፣ ሁሉም አልሄደም። ቦቢ በርድ አለ። ጃቦ ስታርክስም ድራሙ ላይ ቀረ። ጃቦ ማለት ከብራውን በፊት ከዘፋኙ ቦቢ ብላንድ ጋር አገር ያዳረሰ፣ ሰዓት የሚሞላበት ሰው ነው። ጎረምሶቹ ከግራም ከቀኝም ሲፈነዱ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የያዛቸው እሱ ነው። ጎማ ቀየሩ ከተባለ፣ አክስሉ እዚያው እንደነበር አብሮ ይነገር።

ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። ሙዚቃው ተቀየረ!

ከዚያ በፊት የነበረውን የብራውን ድምፅ አስታውሱ። ነፋሾቹ ናቸው ፊት ያሉት። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ሳክስፎን ባንድ ላይ ሆነው እንደ ቡጢ ይመታሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግመው ይመታሉ። ልጆቹ ከመጡ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1970፣ ናሽቪል ውስጥ «ሴክስ ማሽን» ተቀረጸ። ዘፈኑን የማያውቅ የለም፤ ታክሲ ውስጥም ሰምታችሁታል። እስቲ ዛሬ ማታ ኢርፎን አድርጋችሁ ደግማችሁ ስሙት። ነፋሾቹ መግቢያው ላይ አንዴ ይጮኻሉ። ከዚያ የሉም። የቀረውን መንገድ የሚሄዱት ቤዙ፣ ጊታሩና ድራሙ ናቸው። ካትፊሽ ያችኑ አጭር ነገር እየፋቀ ይደጋግማታል። ቡትሲ ከሥሩ አይቀመጥም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ብራውን ልጁን አንድ ነገር አስጠንቅቆታል፤ ከአራቱ ምት የመጀመሪያዋን ያዝልኝ፣ ከዚያ እንደፈለግህ ሁን። እኛ በችክችካ ያደግን ሰዎች ይቺን አንድ ለመያዝ ትንሽ ይፈጅብናል። አንዴ ከያዟት ግን አትለቅም።

ደግሞ የዘፈኑን ግማሽ ብራውን ብቻውን አይዘፍነውም። እሱ ይላል፣ በርድ ይመልሳል። እሱ ይላል፣ በርድ ይመልሳል። አውጪና ተቀባይ ማለት ይኼ ነው። መሃል ላይ ብራውን ባንዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ወደ ሌላው ክፍል ልሻገር ወይ እያለ። መልሱን ሰምቶ ነው የሚሻገረው። ባንዱ ከጀርባ ቢሆን ማንን ነው የሚጠይቀው?

ጎማ ቢሆን ኖሮ መኪናው ያንኑ መንገድ በዚያው ድምፅ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ጎማ ቀየርኩ ያለው ሰውዬ ሲመለስ ሌላ መኪና ቆሞ ጠበቀው። ታሪኩ ብራውን ያለ ባንድ መኖር እንደሚችል አያሳይም። ባንዱ ሲቀየር ብራውንም እንደሚቀየር ነው የሚያሳየው።

የተረፈውን ደግሞ በፍጥነት ልበለው። ቡትሲና ካትፊሽ አንድ ዓመት ገደማ ቆይተው ወጡ። ቡትሲ ያቺን የመጀመሪያ ምት ይዟት የፈንክ ባንድ መሪው ጆርጅ ክሊንተን ጋ ገባ። ትሮምቦን ተጫዋቹ ፍሬድ ዌስሊ ወደ ብራውን ተመልሶ የባንዱ መሪ ሆነ፤ ማሲዮም ተመለሰ። ከዚያ ሁለቱም ቆየት ብለው ወደ ክሊንተን ዞሩ። ስለዚህ በ1970ዎቹ አጋማሽ የክሊንተን ሙዚቃ ላይ የምንሰማው የብራውንን ቤት ልጆችም ጭምር ነው። ቅጥረኛ ሥራ ሲለቅ መታወቂያውን መልሶ ይወጣል። እነዚህ ቤቱን ራሱን ይዘው ነው የወጡት።

«ደመወዛቸውን በልተዋል» ወደሚለው ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ምሳሌ አላቸው፤ «ግንበኛ ቤቱ በተከራየ ቁጥር ድርሻ አምጡ አይልም» ይላሉ። ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። መብቱ የዜማና የግጥም ደራሲው ነው። ድራም የመታ ሰው የቀኑን ተቀብሎ ይሄዳል። ይኼን አልክድም።

ግን የስተብልፊልድን ግንብ እንየው። ክላይድ ስተብልፊልድ የቻታኑጋ፣ ቴነሲ ልጅ ነው። ከተማዋ የፋብሪካና የባቡር ከተማ ናት። ልጁ የማሽኑን ድግድግታና የባቡሩን ኳኳታ እየሰማ በዚያው ምት መምታት ለመደ። ትምህርት ቤት ገብቶ ኖታ የተማረ ሰው አይደለም። ኖቬምበር 1969 ሲንሲናቲ ውስጥ «ፈንኪ ድራመር» የሚባለው ሲቀረጽ ብራውን ሌሎቹን ዝም አሰኝቶ ድራመሩን ለብቻው ለቀቀው። ለብቻው የመታው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ጩኸትም የለበትም። ግራ እጁ ስኔር በሚባለው ከበሮ ላይ ቀስ እያለ የሚያንሾካሹካቸው ትንንሽ ምቶች አሉ፤ ነገሩ ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

ከዓመታት በኋላ ሂፕ ሆፕ መጣ። ያቺ ግማሽ ደቂቃ የማትሞላ ነገር እየተቆረጠች ከአንድ ሺህ በላይ ዘፈን ውስጥ ገባች። ራፕ ሰምታችሁ ካደጋችሁ ክላይድን ሰምታችሁታል፤ ስሙን ባታውቁም። ከዚህ ሁሉ የደራሲ ድርሻ አልደረሰውም። ለዜማው እንደ ደራሲ አልተጻፈማ! ግንበኛው ድርሻ አይጠይቅም ይባል። ግንቡን ግን ማን ነው ፎቶ ኮፒ እያደረገ ሺህ ቤት የሚሠራበት?

ክላይድ ከ1971 ጀምሮ የኖረው ማዲሰን፣ ዊስኮንሰን ነው። ሰኞ ሰኞ ማታ እዚያው ከተማ ክለብ ውስጥ ለዓመታት ተጫውቷል። ሰኞ! ዓለም የሚቆርጠው ድራመር የሳምንቱን ቀዝቃዛ ማታ ይዞ ለሠፈሩ ሰው ይመታል። በኋላ ካንሰር ሲይዘው 90 ሺህ ዶላር ገደማ የሆነውን የሕክምና ወጪ በዝምታ የከፈለለት ፕሪንስ ነው። ፕሪንስ በ2016 እስኪሞት ድረስ ነገሩ ብዙም አልተወራም። ክላይድም በቀጣዩ ዓመት በፌብሩዋሪ አረፈ። ጸሐፊው «ሂሳቡ ተዘግቷል» ይላሉ። ፕሪንስ ግን እንዳልተዘጋ የተሰማው ይመስለኛል።

አንድ ሰው ልጨምር። ጄምስ ጀመርሰን የዙረት ሰው ሳይሆን የስቱዲዮ ሰው ነው፤ ዲትሮይት ውስጥ ሞታውን ለሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ቤዝ የመታ። ቤዙን የሚገርፈው በአንድ ጣት ነው። ሞታውን የተጫዋቾቹን ስም በሸክላው ሽፋን ላይ ማውጣት የጀመረው በ1971 ነው፤ ያኔ ጀመርሰን አሥር ዓመት ያህል ሲመታ ኖሮ ነበር። በ1983 የኩባንያው 25ኛ ዓመት ፓሳዴና፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በታላቅ ድግስ ሲከበር እሱን የጠራው የለም። በር ላይ ከአትራፊ ትኬት ገዝቶ ገባ። የራሱን ቤዝ ከአዳራሹ ሰገነት ወንበር ሆኖ ሰማ። በዚያው ዓመት በኦገስት ሞተ። ደመወዙን በልቷል፣ አዎ። ለድግሱ ግን ከፍሎ ገባ።

አሁን «ካረጁ በኋላ ትዝታ መቸርቸር» የሚለው። መጀመሪያ፣ ትዝታን ስድብ ያደረገ አበሻ ሳይ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ቅኝት ሰጥተን፣ ስም አውጥተን፣ ሰርክ የምናለቅስበትን ነገር!

ሁለተኛ፣ ጸሐፊው እነዚህን ሰዎች ሲያስቡ ሽማግሌ ብቻ ነው የሚታያቸው። የሶል ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግ በ1967 ይዟቸው የሚዞረው ባር ኬይስ ግን ከሃይስኩል የወጡ ልጆች ነበሩ፤ አብዛኛዎቹ 18 እና 19። ኦቲስ የሚቀረጽበት የስታክስ ኩባንያ ዋና ባንድ ቡከር ቲ እና ኤምጂስ ነበር። በዚያው ዓመት በማርችና በኤፕሪል ኦቲስን፣ ሳምና ዴቭን፣ ኤዲ ፍሎይድን አጅበው አውሮፓን አዳርሰዋል። ሜምፊስ ጥቁርና ነጭ አብሮ በማይበላበት ዘመን ሁለት ጥቁርና ሁለት ነጭ ሆነው የሠሩ ናቸው። ግን የስቱዲዮውን ሥራ ጥለው ሁልጊዜ መዞር አይችሉም። ስለዚህ ኦቲስ ልጆቹን ይዞ ወጣ።

ዲሴምበር 9፣ ቅዳሜ፣ ክሊቭላንድ ቴሌቪዥን ላይ ተጫወቱ። በማግስቱ በኦቲስ ትንሽ አውሮፕላን ወደ ማዲሰን በረሩ። አውሮፕላኑ ሁሉንም ስለማይዝ ቤዝ ተጫዋቹ ጄምስ አሌክሳንደር በሌላ በረራ ነው የሄደው። ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ ሞኖና የሚባለው ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። ውሃው በረዶ ነው። ኦቲስ ሞተ። ከባንዱ አራቱ ሞቱ። ትራምፔት የሚነፋው ቤን ኮሊ ብቻ የወንበሩን ትራስ አቅፎ ተረፈ፤ መዋኘት አይችልም ነበር። ማዲሰን ማለት ክላይድ ከአራት ዓመት በኋላ የገባባት ከተማ ናት። ይኼን ባሰብኩ ቁጥር ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ዝም እላለሁ።

ጸሐፊው እንደሚሉት ቢሆን ነገሩ እዚያ ነበር የሚያበቃው። አለቃ ከሌለ አጃቢ ምን ያደርጋል? ኮሊና አሌክሳንደር ግን ባንዱን እንደገና አቆሙት። በ1969 አይዛክ ሄይስ ያን ሁሉ ረጃጅም ዘፈን ያለበትን አልበም ሲሠራ ከኋላው ያሉት እነሱ ናቸው። አሌክሳንደር ባር ኬይስን ለአሥርት ዓመታት ይዞ ዞረ። ለልጁም ፌሎን ብሎ ስም አወጣለት። ፌሎን ጆንስ ከአውሮፕላኑ ያልወጣው ሳክስፎን ተጫዋች ነው። ልጁ አድጎ ታዋቂ የሙዚቃ ፕሮዲዩሰር ሆነ።

ካረጁስ? ይርጁ። የኤምጂሱ ቤዝ ተጫዋች ዳክ ደን በሜይ 2012 በ70 ዓመቱ ቶኪዮ ነበር፤ ከባንዱ ጊታሪስት ከስቲቭ ክሮፐር ጋር። የማታውን ሁለት ሾው ጨርሶ ሆቴሉ ገብቶ ተኛ። አልነቃም። ከአሥራዎቹ ዕድሜ ጀምሮ የሚያውቀው ጓደኛው አጠገቡ እየተጫወተ ነበር። ይኼን «መቸርቸር» የሚሉት ከሆነ እኔም እንደዚያ ቸርችሬ ልሙት።

የእኛዎቹንም ጸሐፊው ጠቀስ አድርገዋቸዋልና አንድ ቃል። ዋሊያስ ባንድ በ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ሒልተን ባንድ ነበር። በሰዓት እላፊው ዘመን ማታ የገባ እንግዳ እስኪነጋ አይወጣም። ስለዚህ እስኪነጋ መጫወት ነው። በ1981 ማሕሙድ አሕመድንና ጌታቸው ካሳን አጅበው አሜሪካ ሄዱ። ግማሾቹ እዚያው ቀሩ። ኪቦርዱን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ግን ኪቦርድ ነበረ። ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። ከ2013 ወዲህ የድሮ ሥራው እንደገና ታትሞ እሱም በየአገሩ መድረክ ወጣ። ሰው የሚጠብቅበት ነገር ከሌለ ለምን ይለማመዳል ብላችሁ ጠይቁት። ለትዝታ ብቻ ሰው ኤርፖርት ላይ ጣቱን አያፍታታም።

የመጨረሻው ነጥብ ትራኩ ነው። «አንድ ላፕቶፕ የአሥር ሰው ሥራ ይሠራል፤ አይሳሳትም፤ አያምፅም፤ ሆቴል አይፈልግም» ይላሉ። ስለ ሆቴሉ ልክ ናቸው።

ጄምስ ብራውን ሾውን የሚዘጋበት አንድ ነገር ነበረው። መዝፈን ያቅተውና በጉልበቱ ይወድቃል። ዳኒ ሬይ የሚባለው የመድረክ አስተዋዋቂው ካባ ያለብሰዋል። ደግፎ ይዞት መውጣት ይጀምራል። ብራውን እየተንገዳገደ ይሄድ ይሄድና ካባውን ወርውሮ ማይኩ ጋ ይመለሳል። ደግሞ ይወድቃል። ሌላ ካባ። ስንቴ ይመለሳል? አንዳንዴ ሦስቴ፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። ሕዝቡ እንዳለው ነው። ባንዱ ያን ሁሉ ጊዜ ያችኑ ነገር እየዞረ፣ ዓይኑን ከሰውዬው ትከሻ ሳይነቅል ይጠብቃል። ትከሻው ሲነቃነቅ ድራሙ ይመታል። ላፕቶፑ ትከሻ ያያል?

እኔ ይኼን የተማርኩት ከጄምስ ብራውን አይደለም። ከአንድ ሠርግ ነው።

ያለፈው ጥር ነው። የአክስቴ ልጅ አገባ። አዳራሹ ጥሩ፣ ምግቡ ጥሩ። ድምፃዊውም ጎበዝ ነው፤ ስሙን ይቅር። ባንድ የለውም። አንድ ኪቦርዲስት አብሮት አለ፤ ኪቦርዱ ላይ ፍላሽ ሰክቶ ትራክ የሚያጫውት። እስከ ምሽት ድረስ ማንም ምንም አልጎደለበትም። እኔም ሥጋዬን እየበላሁ ነበር።

ከዚያ የሙሽራው አያት ተነሡ። ሰማንያ ያለፋቸው ናቸው። ያን ቀን ሙሉ ከወንበራቸው አልተነሡም። ከዘራቸውን ለአክስቴ ሰጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወገባቸው ላይ አሰሩ። ዘፈኑ የወሎ ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ለእሳቸው ዕድሜ የሚሆን። መጀመሪያ አንገታቸው ነው የተነሣው። ቆይቶ አንዱ ትከሻ። ሰው ሁሉ ሳህኑን አስቀምጦ ከበባቸው። ጭብጨባው በምቱ ሆነ። አንዱ አጎት መቶ ብር ግንባራቸው ላይ ለጠፈ። እሳቸው ገና እየሞቁ ነው። ሁለተኛው ትከሻ ሊገባ ነው።

ድምፃዊው አይቷቸዋል። ልጅ ሆኖ እስክስታ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ገባው። አዝማቹን ሊደግምላቸው ፈለገ። ወደ ኪቦርዲስቱ ዞሮ ጣቱን በአየር ላይ አሽከረከረ፤ ድገመው፣ ድገመው። ኪቦርዲስቱ ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳየው። ምን ያድርግ? ትራኩ አራት ደቂቃ ከምናምን ነው። ሲያልቅ ያልቃል።

አለቀ። እጥፍ ብሎ አለቀ። ወዲያው ቀጣዩ ገባ፤ ቤቱን የሚያናጋ ጉራጊኛ። ጎረምሶቹ እየጮኹ ክቡን ሰብረው ገቡ።

እትዬ አንድ ትከሻቸው ከፍ እንዳለ መሃል ላይ ቆመው ቀሩ። ግራ ገባቸው። ወደ ማይኩ አዩ፣ ወደ ሰዉ አዩ። ክንዳቸውን ይዤ ከጎረምሶቹ መሃል አወጣኋቸው። አጠገቤ ወንበር ሳብኩላቸው። ግንባራቸው ላይ ያለውን ብር እንኳ አላነሡትም። ነጠላቸውን እየፈቱ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣

«ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሉኝ።